የአንኮበር ማሲንቆና የእኔ ጥርስ

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ አዲስ አበባ

ሰዓት እላፊው እንደተነሳ ከቤቴ ወጥቼ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። በብብቴ አንድ ነጭ ጆንያ ይዣለሁ። ጆንያው ውስጥ የተሰበረ ማሲንቆ አለ። የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ የሰበርኩትም ተቀምጬበት ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴው ብነግራችሁ ይሻላል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ማስታወሻውን በየመንገዱ በቀበሌ ደብተር ላይ ሞነጫጭሬው ነበር፤ ዛሬም ጭቃው ከገጹ አልለቀቀም። ያኔ የቀበሌያችን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ወንበሩ፣ ባንዲራው፣ ድምፅ ማጉያው፣ የኪነት ቡድኑ ከበሮና ልብስ ሁሉ የሚወጣውና የሚገባው በእኔ ፊርማ ነው። ሰኞ ዕለት ቡድኑ ለአብዮት በዓል ሲለማመድ ቆይቶ ዕረፍት ሲወጣ፣ ማሲንቆ መቺው ጋሽ ዘውዴ ማሲንቆአቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ውሃ ሊጠጡ ሄዱ። እኔ ደግሞ መዝገብ እያነበብኩ መጣሁና እዚያው ወንበር ላይ ዐረፍ አልኩ።

ጋሽ ዘውዴ ተመልሰው ሲገቡ አልጮሁም፤ አልተሳደቡም። የተረፈውን ደጋን ይዘው ጥግ ላይ ቁጭ አሉ። ሃያ ዓመት አብሯቸው የኖረ ማሲንቆ ነው። በእሱ ልጆች አሳድገዋል፤ በእሱ ሚስታቸውን ቀብረዋል። ቢሰድቡኝ እንዴት በቀለለኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ዝም አላሉም። “ጓድ ደረጀ፣ ይሄ የኪነት አሻጥር ነው። እስከ በዓሉ ዋዜማ ሌላ ካልተተካ ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይተላለፋል” አሉኝ። ወደ በላይ አካል የተላለፈ ሰው ተመልሶ ምን እንደገጠመው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። በዓሉ መስከረም ሁለት ነው። ዛሬ የነሐሴ የመጨረሻ ቀን ነው። ያለኝ ጊዜ እስከ እንቁጣጣሽ ማታ ነው ማለት ነው።

ጋሽ ዘውዴ ስወጣ ቀና ሳይሉ፣ “አንኮበር። ከጎረቤላ ወረድ ብለህ አባባ ድንቁ ብለህ ጠይቅ። የሠራው እሱ ነው” አሉኝ።

ስለ ራሴም ትንሽ ልበል። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የላይኛው ጥርሴ ሰፊና ወደ ፊት የወጣ ነው፤ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ልብስ ስፌት ሞክሬ እጅጌውን አንገት ላይ ሰፍቻለሁ። መንጃ ፈቃድ ላወጣ ሞክሬ የሰው አጥር ይዤ ገብቻለሁ። እናቴ “ለዚህ ልጅ ሁለት እጅ ምን ያደርግለታል?” ትላለች። ንብረት ክፍል የተመደብኩት እጅ የማይጠይቅ ሥራ ነው ተብሎ ነው። መቀመጫዬን ያሰበ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ኬላ

አውቶቡሱ ተጨናንቋል። አጠገቤ ሸኖ የሚወርዱ አንዲት ባልቴት ባዶ የቅቤ ቅል ታቅፈው ተቀምጠዋል። ኬላው ላይ ሁላችንም እንድንወርድ ተደረገ። ወታደሩ ጆንያዬን ዘቀዘቀው። የተሰበረው አንገት፣ የተጨፈለቀው ሳጥንና የተንጨባረረው ጭራ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፉ።

“ምንድን ነው?”

“ማሲንቆ ነው።”

“ማን ሰበረው?”

“እኔ። ተቀመጥኩበት።”

“ሆን ብለህ ነው?”

“ሆን ብሎ ማሲንቆ ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ እንዴ?”

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ወታደሩ ፊቱን አጨማደደና የይለፍ ደብዳቤዬን ተቀበለኝ። ደብዳቤውን የጻፉት ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው፤ “ጓድ ደረጀ አንድ አብዮታዊ ማሲንቆ ለማምጣት ወደ አንኮበር የሚጓዝ ስለሆነ ትብብር እንዲደረግለት” ይላል። ወታደሩ ሁለቴ አነበበው።

“አብዮታዊው የቱ ነው? ይሄ ነው?”

“የለም፣ እሱ ገና የሚመጣው ነው።”

“ታዲያ ይሄ ምን ነበር?”

“እሱም... እሱም አብዮታዊ ነበር።”

“አብዮታዊ ማሲንቆ ላይ ነው የተቀመጥከው?”

ከኋላዬ የቆሙት ባልቴት ቅላቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩና፣ “ልጄ፣ ያጠፋው መቀመጫው ነው፤ እሱ ደግሞ ተጸጽቶ አንኮበር ድረስ እየሄደ ነው። ተወው፤ ገበያዬ ሊበተንብኝ ነው” አሉት። ወታደሩ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረና እጁን አወዛወዘ። ስብርባሪዬን ለቅሜ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ደብረ ብርሃን

ሰማዩ ጣሪያው ላይ ተኝቷል። ሰው ሁሉ አፍንጫውን በጋቢ ጠቅልሎ ዓይኑን ብቻ ትቶ ይሄዳል። ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች ጀርባ ይተናል። አልጋ የያዝኩበት ቤት ባለቤት እትዬ አስካለ ይባላሉ። አልጋው ሁለት ብር ነው፤ ትኩስ ምስርና አንድ መለኪያ አረቄ ሲጨመር ሦስት ብር ከሃምሳ ይመጣል። አረቄውን ስጨልጠው እስከ እግር ጣቴ መድረሱን ተከታተልኩት።

“ወዴት ነው?” አሉኝ።

“አንኮበር።”

“በዚህ ክረምት? ምን አጥፍተህ ነው?”

“ማሲንቆ ላይ ተቀምጬ።”

“እኛ አገር ሰው የሚቀመጠው ወንበር ላይ ነው” ብለው ሁለተኛ ባና ደረቡልኝ። ከባናው የሱፍ ክብደት የተነሳ መገላበጥ ሳልችል እንደተንጋለልኩ ነጋ።

ረቡዕ፣ ከጥዋቱ አንድ ሰዓት፤ የአንኮበር መንገድ

ጨውና ጋዝ የጫነ ካሚዮን አገኘሁ። ሹፌሩ ወርቁ ይባላል፤ ወሬኛ ነው፤ ጉም አይወድም። ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንቆይ ጉሙ የመኪናውን አፍንጫ ዋጠው። ወርቁ ፍሬን ያዘና ወደ እኔ ዞረ።

“ያ ጆንያህ ነጭ ነው አይደል?”

“ነው።”

“በል ጀርባህ ላይ አንጠልጥለውና ከፊት ከፊት ሂድልኝ። እሱን እያየሁ እከተልሃለሁ።”

“ገደል ቢኖርስ?”

“ካለ አንተ ቀድመህ ትነግረኛለህ።”

እንዲህ ሆኖ ከደብረ ብርሃን እስከ ጎረቤላ ካለው መንገድ እኩሌታውን ያህል በእግሬ፣ ከካሚዮን ፊት፣ የተሰበረ ማሲንቆ በጀርባዬ አንጠልጥዬ ሄድኩ። በቀኝ በኩል አልፎ አልፎ ጉሙ ሲቀደድ መሬት አይታይም፤ ሩቅ ታች የቆላው አገር ብቻ ብልጭ ይላል። በመኪና ሄድኩ ብል ውሸት ነው፤ መኪናው ነው በእኔ የሄደ። ጎረቤላ ስንደርስ ወርቁ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። “ሰኞ ጎህ ሲቀድ እመለሳለሁ። ለእንቁጣጣሽ ቤቴ ካልገባሁ ሚስቴ አታስገባኝም። ከመጣህ ፊቱ ላይ ቦታ አለህ” አለኝ። የትኛውን ፊት ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ረቡዕ፣ ስምንት ሰዓት፤ አባባ ድንቁ ቤት

ከጎረቤላ ቁልቁል በሚያንሸራትት መንገድ ወርጄ ከጥድ አጥር ጀርባ አንድ የሣር ቤት አገኘሁ። በሩን የከፈቱልኝ እማማ ጌጤ ናቸው፤ የአባባ ድንቁ ባለቤት። ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ድምፃቸው ከሸንተረር እስከ ሸንተረር የሚሰማ ሴት ናቸው። ወዲያው ምክንያቱ ገባኝ። ባላቸው ጆሯቸው ከከበደ አሥር ዓመት አልፎታል፤ በግራ ጆሯቸው በኩል ቀርቦ ለጮኸላቸው ብቻ ይሰማሉ።

“ከአዲስ አበባ ነው የመጣው! ማሲንቆ ፈልጎ!” ብለው ጮሁላቸው።

“ትቻለሁ በይው” አሉ አባባ ድንቁ፣ ቀና ሳይሉ።

ጆንያውን ዘረገፍኩት። ሽማግሌው የተሰበረውን አንገት አነሱና በአውራ ጣታቸው ጫፉን ዳሰሱ። እኔ አይጥ በላው ብዬ የመዘገብኳቸውን ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ሲያገኙ ጣታቸው ቆመ። አፋቸውን ከፈቱ፤ የላይኛው ድዳቸው ባዶ ነው። ባዶውን ድድ በጣታቸው ነካ አደረጉና እንጨቱን አሳዩኝ።

“የእኔ ጥርስ ነው” አሉ። “የዘውዴ ነው ይሄ። ምን ሆኖ ነው?”

“ተቀመጥኩበት!” ብዬ ጮህኩ። ከወዲያኛው ጎረቤት ሰው ሲስቅ ሰማሁ።

እማማ ጌጤ አስረዱኝ። አባባ ድንቁ ጆሯቸው ከመክበዱ በፊትም ማሲንቆ የሚፈትኑት በጥርስ ነው፤ ከአባታቸው የተማሩት እንዲያ ነው። የአንገቱን ጫፍ ነክሰው ጭራውን በደጋን ይገርፉታል። ድምፁ ጥርስ ላይ ከቀረ እንጨቱ ገና ጥሬ ነው፤ ይፋቃል። በአጥንት አልፎ ማጅራት ከደረሰ ደርሷል ማለት ነው። ሲደርስ ጠበቅ አድርገው ይነክሱታል፤ ያ ምልክታቸው ነው። የላይኞቹ ጥርሶቻቸው ወልቀው ካለቁ ሁለት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ መጥረቢያ አላነሱም።

ጋሽ ዘውዴ ደጋናቸውን ይዘው ጥግ ላይ እንደተቀመጡ ታዩኝ፤ ከበላይ አካል ይልቅ ያ መቀመጣቸው ነው ያስፈራኝ። እማማ ጌጤ ያቀረቡልኝን ቆሎ መቆርጠም ጀመርኩ። ቆሎው ደረቅና ጠንካራ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አባባ ድንቁ እያዩኝ መሆኑን አስተዋልኩ፤ ፊቴን ሳይሆን አፌን።

“ይህን ልጅ አፉን እንዲከፍት በይው” አሉ።

እጄን ወደ አፌ ላክኩ። እማማ ጌጤ እጄን ይዘው አወረዱት። ሽማግሌው አገጬን ጨበጡና በገበያ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ወደ ብርሃን አዞሩኝ። የላይኞቹን ሁለቱን በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጓቸው።

“ይሄን የመሰለ ጥርስ ይዘህ ምን ስትሠራ ነው የኖርከው?” አሉኝ።

“ንብረት ክፍል!” ብዬ ጮህኩ።

“አዬ ብክነት!” አሉ፤ ከልባቸው አዝነው ነው።

ሐሙስ፣ ሙሉ ቀን

እኔ የመሰለኝ እሳቸው ሊሠሩልኝ፣ እኔ ልነክስላቸው ነበር። ለካ እንዲያ አይደለም። የሚነክሰው የሠራው ሰው ብቻ ነው፤ ያልፋቀው ሰው ቢነክስ ድምፁ የት እንደታነቀ አያውቅም ይላሉ። መጥረቢያውን እጄ ላይ አኖሩት። እናቴ ብታየኝ ትጮህ ነበር።

ሳጥኑ ዋንዛ ነው፤ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ከቆላ ያመጣላቸው፣ ሁለት ዓመት ከጣሪያው ሥር የደረቀ። አንገቱ ወይራ ነው። እሳቸው በከሰል መስመር ያሰምራሉ፤ እኔ እቆርጣለሁ። በጭስ የጠቆረ ዘንግ አላቸው፤ ስሳሳት በእሱ ጉልበቴን መታ ያደርጉኛል። ጥዋት ላይ ጉልበቴ አበጠ። ከሰዓት በኋላ ዘንጉ ሳይነሳ ብዙ ቆየ። የጠርሙስ ስባሪ ሰጥተውኝ የሳጥኑን ውስጥ እንድፍቅ አዘዙኝ። ስባሪውን አጋድመው ሲገፉት እንጨቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ ይነሳል፤ ሽታው ይጣፍጣል። ፋቅኩ፤ ዳሰስኩ፤ ፋቅኩ።

እማማ ጌጤ መጥተው፣ “ልጄ፣ ምሳህ ከቀዘቀዘ ቆየኮ!” ሲሉኝ ቀና አልኩ። ጥላው ዞሯል። እኔ ምሳ ረስቼ አላውቅም። በቀበሌው ግምገማ ቀን እንኳ ሰባት ሰዓት ሲሆን እጄን አውጥቼ የማስታውስ ሰው ነኝ። እጄን አየሁት፤ ሁለት ቦታ ተቆርጧል፤ አልተሰማኝም። እዚያው የእንጨት ልጣጩ መሃል እንደተቀመጥኩ ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ያን ቀን አልገባኝም።

ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት

ጥጋብ አይስማማኝም። የፍየሉ ቆዳ ተነክሮ ሳጥኑ ላይ ተወጥሮ ታስሮ አድሯል። ጠብ በሚል ጉም ውስጥ ቆዳ አይደርቅም። ቀኑ እየሄደብኝ ነው። አባባ ድንቁ ለጸሎት እንደወጡ፣ እማማ ጌጤም ውሃ ሊቀዱ እንደወረዱ፣ ሳጥኑን አንስቼ ወደ ምድጃው ጠጋ አደረግኩት። ትንሽ ደግሞ ጠጋ። ቆዳው ሲጠብቅ ሲያጉረመርም ያምራል።

ከዚያ ጧ! አለ።

ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ጆሮዬ እየጮኸ ሳለ በሩ ተበረገደና አንድ አጭር ወፍራም ሰው ምንሽሩን ደግኖ ገባ።

“እጅ ወደ ላይ! ማን ነው የተኮሰው?”

እጄን አነሳሁ። አንደኛው እጄ ላይ ሳጥኑ ነበር። ከኋላው አባባ ድንቁ ቀስ ብለው ደረሱ። ምንም አልሰሙም። ጠመንጃውን አይተው፣ “ማሞ ነህ? ግባ፣ ቁጭ በል እንጂ” አሉት። ከዚያ ቆዳውን አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ፤ ዘንጋቸውን ፈለጉ።

ጓድ ማሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። የተቀደደውን ቆዳ ከአፍንጫው አስጠግቶ ባሩድ ባሩድ ይል እንደሆነ በጥንቃቄ አሸተተ። አይልም። የይለፍ ደብዳቤዬን ሰጠሁት፤ ፊደል በፊደል እየነካ አነበበው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቱን በደረት ኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው፤ እሱንም አሳየኝ።

“ቆዳ እንጂ ጥይት አይደለም ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ” አለ። “ግን ቆዳ እንደዚህ እንደሚጮህ ማን ያምነኛል?”

እማማ ጌጤ ተመለሱ። የቀራቸው አንድ ቆዳ ብቻ ነው። እሱ ከተቀደደ ወደ ጋሽ ዘውዴ ባዶ እጄን ልመለስ ነው። አባባ ድንቁ ቆዳውን ነክረው ራሳቸው ወጠሩት፤ ከምድጃው ርቆ ቆጡ ላይ ሰቀሉት፤ እኔን ደግሞ ከምድጃው በዘንግ ርቀት አስቀመጡኝ። ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። ዝምታቸው የጋሽ ዘውዴን ይመስላል።

ቅዳሜ፣ ረፋድ፤ ከቦራ ኋላ

ጭራ የለም። የነበረውን ብል በልቶታል። ለማሲንቆ የሚሆነው ደግሞ የወንድ ፈረስ ጭራ ነው፤ የባዝራዋን ሽንት ስለሚነካው ይሰባበራል። እማማ ጌጤ ይህን ሲነግሩኝ ጓድ ማሞ፣ ምርመራውን ሊጨርስ ተመልሶ መጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ ነበር። በአካባቢው ረጅም ጭራ ያለው ድንጉላ አንድ ነው፤ የእሱ ቦራ።

“አይሆንም” አለ ሳልጠይቀው። “በበዓሉ ቦራ ከሰልፉ ፊት ነው የሚሄደው። ጭራው ቢመለጥ ሕዝቡ ምን ይላል?”

“ጓድ ማሞ፣ ከሥር በኩል፣ ከማይታየው” አልኩት።

“ስንት?”

“አርባ ዘለላ።”

“አርባ! ራሴ ነኝ የምቆጥረው።”

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ኩራተኛ ፈረስ ነው። እኔ ከኋላ አንድ አንድ ዘለላ እየመረጥኩ እቆርጣለሁ፤ ጓድ ማሞ ልጓሙን ይዞ በመሠረተ ትምህርት ድምፅ ይቆጥራል። ሠላሳ አንድ ላይ ቦራ ረገጠ፤ ለጥቂት ሳተኝ፤ ጓድ ማሞ ቁጥሩ ጠፋበት። “ከአንድ እንጀምር” አለ። ሃያ ስድስት ላይ አንዲት ሴት አልፋ እንዴት አደርክ አለችው፤ መለሰላትና ጠፋበት። “ከአንድ!” እንደገና ሲጀምር እኔ ዝም አልኩ። እማማ ጌጤም አጥሩ ጋ ነጠላቸውን ጠምጥመው ዝም አሉ። በመጨረሻ “አርባ!” ብሎ በኩራት ሲያውጅ ለደጋኑም የሚተርፍ ጭራ ጨብጫለሁ። ጓድ ማሞ በራሱ ቆጠራ እስከ ዛሬ አርባ ነው የሰጠኝ።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

ቆዳው ደርቋል። አባባ ድንቁ በጣታቸው መትተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጭራው ታሰረ፤ ጭራውን ከቆዳው ቀና የምታደርገው ትንሿ እንጨት ገባች፤ ደጋኑ በሙጫ ታሸ።

“ንከስ” አሉኝ።

ነከስኩ። ደጋኑን ሳብኩት። አጥሩ ጋ የቆመችው ላም ዞራ አየችኝ። ጥርሴ እንደ ንብ ቀፎ ተንጫጫ፤ ከንፈሬ ደነዘዘ።

“የት ደረሰ?” ብለው ጠየቁኝ።

አፌ ተይዟል፤ መናገር አልችልም። ጥርሴን በጣቴ አሳየኋቸው። ሳጥኑን ወስደው፣ “የታነቀበትን አንተ ታውቀዋለህ። ፈልገው” ብለው ስባሪውን ሰጡኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሐሙስ ዕለት ስፍቅ በግራ በኩል አንድ ቦታ እጄ ደክሞ እንደተውኩት ትዝ አለኝ። የአንገቱን መግቢያ ነቅዬ በቀዳዳው ስባሪውን ሰድጄ ያን ቦታ ፋቅኩት። መልሰን ገጠምን። ነከስኩ። አሁን ጉንጬ አጥንት ድረስ መጣ፤ ጉንጬን አሳየሁ። ፋቅኩ። ነከስኩ። ጆሮ ግንዴ ላይ ደረሰ። እማማ ጌጤ እኔ የምነካውን ሁሉ እያዩ በሳቅ ወገባቸውን ያዙ። “ይሄ ልጅ ተባይ ፈጅቶት ነው ወይስ ማሲንቆ እየሠራ ነው?” ይላሉ። አባባ ድንቁ ግን አልሳቁም። ጣቴን ብቻ ነው የሚያዩት።

ስንተኛ ጊዜ እንደነከስኩ አላውቅም። ደጋኑን ስስበው ድምፁ በጥርሴ ገባና በራስ ቅሌ ውስጥ አለፈ፤ ማጅራቴ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። ሳላስበው ጥርሴን ጠበቅ አደረግኩ፤ ወይራው ከሥሩ ሲሰረጎድ ተሰማኝ። እጄን አንስቼ ማጅራቴን ያዝኩ።

አባባ ድንቁ ተነስተው መዳፋቸውን ከእጄ ላይ፣ ማጅራቴ ላይ፣ አስቀመጡት። ቆዩ። ከዚያ የሰበርኩትን የድሮውን አንገት አንስተው ከአዲሱ ጎን አስተያዩት።

“የእኔው ጠባብ ነበር” አሉ። “ያንተ ሰፊ ነው። ይሁን፤ መቺዎቹ ይለምዱታል።”

አለቀስኩ። የማፍርበት ነገር የለኝም። ከተማሪ ቤት ጀምሮ የደበቅኩት ነገር ነው እንጀራዬ ሆኖ የተገኘው። ዋጋውን ስጠይቃቸው ከጆሯቸው ሥር ሁለት ጊዜ ጮህኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንዳልሰሙ ሆኑ። በሦስተኛው፣ “ኅዳር ላይ ጉሙ ሲነሳ ትመጣለህ። ሌላ እንጨት አለኝ። ያኔ ቆዳ ብታፈነዳ ግን ማሞ ራሱ ይተኩስብህ” አሉኝ።

ሰኞ፣ እንቁጣጣሽ

ወርቁ ቃሉን ጠበቀ። ጉሙም ጠበቀ። ማሲንቆውን ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ በጋቢ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፤ እኔ ነጩን ጆንያ ጀርባዬ ላይ አንጠልጥዬ ፊት ፊት ሄድኩ። ደብረ ብርሃን እትዬ አስካለ ማሲንቆውን አየት አደረጉና፣ “አሁን የት ነው የምትቀመጠው?” ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ከመቀመጤ በፊት ወንበሩን በእጄ ዳሰስኩት፤ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጫጫ ላይ አበባ የያዙ ልጃገረዶች የተሳፈርኩበትን አውቶቡስ ከበቡ፤ ኬላው ላይ ደግሞ ያው ወታደር ቆሟል።

“አብዮታዊው ይሄ ነው?”

“ይሄ ነው።”

“በል እንዳትቀመጥበት” ብሎ አሳለፈኝ።

አዲስ አበባ ስገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሊቀመንበሩ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ጋሽ ዘውዴ ከሳምንት በፊት ትቻቸው በሄድኩበት ጥግ ተቀምጠዋል፤ ደጋኑ ጭናቸው ላይ ነው። ጋቢውን ፈትቼ ማሲንቆውን አቀረብኩላቸው። አላመሰገኑኝም። ተቀብለው በአውራ ጣታቸው አንገቱን ከታች ወደ ላይ ዳሰሱት። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

“የድንቁ ጥርስ መቼ ነው እንዲህ የሰፋው?” አሉ።

እጄ እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሄደ።

“አውርድ” አሉኝ። “አውርድና ልየው።”

አወረድኩ። ጥርሴን አዩ፤ እንጨቱን አዩ፤ እንደገና ጥርሴን አዩ። ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ መጣ። ማሲንቆውን ጭናቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፍነው መቱት። ሊቀመንበሩ መንጎራደድ አቆሙ። ድምፁ ከሩቅ ቆሜ እንኳ ማጅራቴ ላይ መጣ። ሳቄ መጣብኝ፤ አፌን ከፍቼ፣ እጄ ከጎኔ ተንጠልጥሎ፣ ጥርሴ ሁሉ እየታየ ሳቅኩ።

ሊቀመንበሩ የንብረት መዝገቡ ይስተካከል ብለው አዘዙኝ። ገጹን ገለጥኩ። “ማሲንቆ፤ ብዛት አንድ፤ ጉዳት፦ የአንገቱ ጫፍ በአይጥ የተበላ” ከሚለው ላይ ጉዳቱን ሠርዤ፣ ከሥሩ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ “ምልክት፦ የአንገቱ ጫፍ በደረጀ የተነከሰ” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።